እትዬ አስካለ እና የሮማዋ እቴጌ

የሮማዋን እቴጌ ታሪክ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በቃሉ የተረጎመ ሰው፣ ከእኔ በፊትም ከእኔም ወዲህ በሎስ አንጀለስ አልታየም። ባለፈው ሳምንት ልጄ የሮማ ታሪክ ፈተና እንዳለባት ስትነግረኝ ይህንኑ ነገርኳት።

«ዳዲ፣ የትኛዋን እቴጌ?»

«ሊቪያን ነዋ!»

እውነቱን ከተናገርን፣ ያኔ የኔ እንግሊዝኛ መኪና ፓርክ ከማድረግ አያልፍም ነበር።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የእኛ ሰው ምግብ ቤት በጣት ይቆጠር ነበር። አንዱ የእትዬ አስካለ ነው። እሳቸው ዌስት አዳምስ ሰፈር አንድ ግቢ በር ላይ አሮጌ ዕቃ ሲሸጥ መጽሐፍ ገዝተው መጡ። ሽፋኑ ላይ ከድንጋይ የተጠረበ የሴት ፊት አለ።

«ይቺ ሴትዮ የዋጠችው ነገር አለ፤ አንብብልኝ» አሉኝ።

የምሳ ሰው ሲወጣ ጓዳ እንቀመጣለን። ውጭ የጃካራንዳው ሐምራዊ አበባ መኪኖቹ ላይ ይረግፋል፤ እሳቸው ሽንኩርት ይልጣሉ፣ እኔ አነባለሁ። የገባኝን እተረጉማለሁ፣ ያልገባኝን እፈጥራለሁ። ሊቪያን ጠጅ አስጣልኳት፣ ፈትል አስፈተልኳት። (ፈትሉ ኋላ ሳጣራ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ጠጁን አላጣራሁም።)

«ባሏ በገና ወንጌል ላይ ሕዝብ ይቆጠር ያለው አውግስጦስ ነው» ስላቸው፣ «ውይ! እኔ እኮ ላጤ ይመስለኝ ነበር» አሉ።

ከዚያ የልጇ የጢባርዮስ ነገር መጣ። የሚወዳትን ሚስቱን ለዙፋኑ ሲባል አስፈቱትና ሌላ አጋቡት። እሱም ሁሉን ጥሎ አንዲት ደሴት ላይ ዓመታት ተቀመጠ።

እትዬ አስካለ ቢላዋውን አስቀመጡ። የራሳቸው ልጅ ብርሃኑ ከጠፋ ስምንት ወሩ ነበር። ዘይነብ የምትባል የወሎ ልጅ፣ ሙስሊም፣ ሊያገባ ቢነሳ «እሷን ካገባህ ደጄን እንዳትረግጥ» ብለውታል። አገባ፤ ከከተማው ማዶ ቫን ናይስ ገባ፤ ደጃቸውንም አልረገጠም።

«ተመለሰ?» አሉኝ።

«ተመልሷል፣ እትዬ።»

«ለእናቱስ ደረሰላት?»

ወደ መጨረሻው ገለጥኩ። ሊቪያ ስትሞት ልጇ ይመጣል እየተባለ አስከሬኗ ቀናት ቆየ፤ እሱ ግን አልመጣም። ይህቺ እንኳ በኔ እንግሊዝኛ ገባችኝ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ጀመርኩ። «መጣ እንጂ! ድንኳን ተጣለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ልጅየው ደረቱን እየደቃ...»

«አንተ! ሮማውያን ንፍሮ ይበላሉ?»

«የስንዴውን ብቻ...»

«አልመጣም፣ አይደል?»

መጽሐፉን ዘጋሁት። እኔን ዝም ያሰኘ ሰው በካሊፎርኒያ እሳቸው ብቻ ናቸው።

«እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መኪናህ ታደርሰኛለች?»

«ትበራለች እትዬ!» አልኩ። ሽቅብ ስትወጣ ወርጄ እንደምገፋት አልነገርኳቸውም።

ቅዳሜ ለዶሮ የሚሆን ሽንኩርት ማቁላላት ጀምረው ድንገት እሳቱን አጠፉ። «እሷ የኛን ሥጋ አትበላም። ምስር ይሁን፤ ጎመንም ልጨምር።» ትንሽ ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዘይነብ ቃሪያ ትወድ ይሆን?» አሉኝ። ስሟን ሲጠሩ ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ቫን ናይስ እንደ ምጣድ ይፋጅ ነበር። እሳቸው የምስሩን ድስት በፎጣ ጠቅልለው መንገዱን ሙሉ ጭናቸው ላይ ያዙት። በሩን የከፈተችው ዘይነብ ናት። ስታያቸው ደነገጠች።

«እማማ... ይግቡ። ብርሃኑ ተኝቷል፤ ልቀስቅሰው።»

«ተዪው ይተኛ። መጀመሪያ ያንቺን ፊት ልየው።»

ድስቱን ተቀበለቻቸውና አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እኔ ጎመኑን ታቅፌ በር ላይ ያፈሰስኩት እንባ በሎስ አንጀለስ ደረቅ ወንዝ ላይ ጎርፍ ባስነሳ ነበር።

ልጄ ይህን ሁሉ ሰምታ ፈተናዋን ረሳችው። ቆይታ ግን፣ «ዳዲ፣ አንተስ ያኔ ለእናትህ ትጽፍላት ነበር?» አለችኝ።

ወረቀት ጠፍቶ ነበር ልላት አሰብኩና ተውኩት። በዚያ በጋ አገር ቤት ላለችው እናቴ ደብዳቤ ከጻፍኩ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር። ከቫን ናይስ ተመልሼም አልጻፍኩም።