በሚካኤል ቀን የወረደ ዘይት

ታላቅ ወንድሜ በሬ ጠምዶ ያደገ ሰው ነው። መኪናም የሚነዳው እንደ በሬ ነበር፤ እምቢ ካለ ይመታዋል። አባታችን ሲሞት የተወልንን ሁሉ ሸጠን የገዛናት አሮጌ የጭነት መኪና ሉማሜ ላይ የሁለታችንም እንጀራ ነበረች፤ በየተራ እንነዳታለን። እሷ ከቆመች ሁለት ቤት ጾሙን ያድራል።

የምንጣላው የሞተር ዘይቷን በመቀየር ነው። እሱ ዘይት ሻጮቹ የነገሩትን ኪሎ ሜትር ይዞ «ገና ነው» ይላል። ጤፍ ተጭኖበት የዓባይን በረሃ በአንደኛ ማርሽ ለሚወጣ ሞተር ኪሎ ሜትር ምን ይፈይድለታል? ዘይቱ ሬንጅ መስሏል። እንደ ምንም እሺ ሳሰኘው ደግሞ በዓል ይመጣል፤ ዛሬ ማርያም፣ ከነገ ወዲያ ጊዮርጊስ። በበዓል መንዳት ግን ለእሱ ሥራ አይደለም። ሥራ ማለት የቡሎን መፍቻ መጨበጥ ነው። ይሄ ነገር ያንጨረጭረኝ ነበር።

በሚካኤል ቀን፣ ወንድሜ ጤፍ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ከመነሣቱ በፊት፣ ከቅዳሴ ሳይመለስ ከመኪናዋ ሥር ገባሁ። ቡሎኑን ፈትቼ ዘይቱ ወደ ሳፋው ሲወርድ ሁለት እግሬን ተይዤ ተጎተትኩ።

«በሚካኤል ቀን! ቤቴ ላይ መዓት ልታመጣ!»

«ጋሼ፣ ሞተሩ ሊሞት ነው...»

አላስጨረሰኝም። ዱላው ክንዴ ላይ ሲያርፍ አጥንቴ ሲሰበር ሰማሁት። ጭንቅላቴን ልከልል ያንኑ ክንድ ባነሣ እዚያው ላይ ደገመኝ። በፊቴ ተደፋሁና አፌ ደምና ዘይት ሞላ። ጎረቤት ባይደርስ ይገድለኝ ነበር፤ እኔም ብረት እጄ ቢገባ አልምረውም ነበር። ከዚያ ራሱ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ቡሎኑን አጠበቀ፤ መፍቻ መጨበጡን ልብ እንኳ አላለውም። ሳፋ ውስጥ የወረደውን ዘይት ከነአፈሩ መልሶ ሞላና ነድቶ ሄደ።

ዓባይን ተሻግሮ ዳገቱን ሲጀምር ሞተሩ ነክሶ ቀጥ አለ። መኪናዋን በሌላ መኪና አስጎትቶ መለሳት።

ሽማግሌዎች ገቡ። እንደ አገሩ ወግ ወንድሜን ድንጋይ በማጅራቱ አሸክመው መኪናዋ የቆመችበት ግቢ አመጡልኝ። እግሬ ሥር ተንበርክኮ «ይቅር በለኝ» አለ። ያሳደገኝ እሱ ነው።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩት፣ ከልቤ ነበር።

ተነሣ። ድንጋዩን ከማጅራቱ አውርዶ ወደ እኔ ዘረጋው።

«በል አንተም ተሸከምና ሚካኤልን ይቅርታ ለምን። ሞተሩን የገደልከው አንተ ነህ።»

ሽማግሌዎቹን ዞሬ አየሁ። «አባቴ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አልኳቸው ትልቁን።

«እውነቱን ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «በዓል ሽረሃል።»

ድንጋዩን በደህናው እጄ ተቀበልኩትና የመኪናዋን መስታወት አደቀቅኩበት። ስብርባሪው አጠገቧ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ጋቢ ላይ ረገፈ። ወንድሜ አጥሩ ላይ ያስደገፈውን ዱላውን ሊያነሣ ዞረ። ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት አልተነሡም፤ የያዘውም ሰው አልነበረም።