የኮምፒውተሩ ሰዓት

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ በአሮጌው ስልኬ ያለውን ሁሉ ወደ አዲሱ ታዛውርልኝ ነበር። ውጭ የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ስትጨርስ፣ «ይኸው፣ ቁጥሩም ፎቶውም ሴቲንጉም እንዳለ መጥቷል፤ ምንም የቀረ የለም» ብላ ሰጠችኝ። እኔ ግን ቁጥሩንም ፎቶውንም ትቼ መጀመሪያ ያየሁት ሰዓቱን ነው። ሳቀችብኝ። ትሳቅ፤ እሷ ያን ቀን አልነበረችም።

ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ ሰሞን እዚሁ አምቦ፣ አንድ የገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ የኮምፒውተር ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። ዩኒየኑ በየከተማው ባሉት መጋዘኖቹ በኩል ለገበሬው ዘር ያከፋፍላል። ማዘዣው የሚጻፈው አምቦ፣ በኮምፒውተር ነው፤ መጋዘኑ ዘሩን የሚያወጣው ማዘዣው እዚያ ሲደርሰው ነው። ሶፍትዌሩ አርጅቶ አዲስ ተገዛና፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያና እኔ ቅዳሜና እሑድን ስናዛውር ዋልን። የሠራተኛውን ስም፣ ማን ምን ማዘዝ እንደሚችል፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት መግባት እንደተፈቀደለት፣ ሁሉንም እንዳለ ወሰድነው። ሰውዬው በዚያው ወደ አገሩ ተመለሰ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ገብቶ ሥራውን ጀመረ። እኔም ረፋዱን ሁሉ ስከታተል ቆይቼ፣ አምስት ሰዓት ሲያልፍ ደረቴን ነፍቼ ከቢሯችን ፊት ለፊት ካለችው ምግብ ቤት ሄጄ ጨጨብሳ አዘዝኩ። ቅቤው ገና ሳይሰርግ ስልኬ ጮኸ።

የጊንጪው መጋዘን ኃላፊ ኦቦ ደቻሳ ናቸው። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ሲሉኝ ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው። ልክ አምስት ሰዓት ተኩል ሲል ኮምፒውተሩ አስወጥቷቸዋል። እንደገና ሲሞክሩ መግባት አልተፈቀደልዎትም ይላቸዋል። ጨጨብሳዬን ጥዬ ቢሮ ስገባ ሠራተኛው ሁሉ ከሶፍትዌሩ ተባሮ እርስ በርሱ ይተያያል። ሁሉን ይከፍታል የተባለው የእኔው ስም እንኳ አልከፍትም አለ።

ኦቦ ደቻሳ ቀድሞ ከመጋዘናቸው ጆንያ ጠፍቶ፣ ተጠርጥረው ከሥራ ታግደው ያውቃሉ። ሌባው ሌላ ሰው መሆኑ ሲታወቅ ተመለሱ። ነገር ግን «በቃል ብቻ በር ትከፍት ነበር» ተብለው፣ ከእንግዲህ አንዲት ጆንያ ያለ ማዘዣ ብትወጣ እንደሚሰናበቱ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ያን ቀን ደግሞ ከጭልሞ በኩል የመጡ ገበሬዎች አይሱዙ ተከራይተው ደጃቸው ላይ ቆመዋል። ያለፈውን ስንዴያቸውን ዋግ ስለመታው ቤታቸው ያለው ዘር የሚዘራ አይደለም። መንገዳቸው መረሬ አፈር ነው፤ ዝናቡ ከቀደማቸው መኪናው ጭቃ ውስጥ ይቀራል፤ እስኪደርቅ ሲጠብቁ የመዝሪያው ጊዜ ያልፋል።

ባለሙያው ጋ ብደውል ስልኩ ዝግ ነው። ሥራ አስኪያጃችንን ለዛሬ በወረቀት እንዘዝ ብላቸው፣ ከአዲሱ ሶፍትዌር ውጪ አልፈርምም፣ ነገ ይወስዳሉ አሉና ምሳቸውን ለመብላት ወጡ። ደሜ ፈላ። ነገ የሚባለው እኮ ቢሮ ለተቀመጠ ሰው ነው። ጊንጪ ለቆመው ገበሬ ሰማዩ ነገን አይጠብቅለትም።

ኦቦ ደቻሳ ደግመው ደወሉ።

«ኢንተላ ኮ፣ ጭልሞ ላይ ደመናው ወርዷል። እነዚህን ሰዎች ባዶ እጃቸውን አልሸኛቸውም። እስከ ሰባት ሰዓት እጠብቅሻለሁ።»

«ኦቦ፣ ያባርሩዎታል።»

«አውቃለሁ» አሉና ዘጉት።

ጥግ የተጣለውን አሮጌውን ኮምፒውተር አበራሁት፤ ሳናዛውረው የቀረ ነገር ካለ ልይ ብዬ ነው። ቀስ ብሎ ተነሳ። ሰዓቱ ስድስት ከሃምሳ ይላል። የእጅ ሰዓቴም እንደዚያው ነው። ዞር ብዬ አዲሱን ሳይ ግን አሥራ ሁለት ከሃምሳ ይላል። ያንን አሮጌ ማሽን መጀመሪያ የተከለው ሰው በእኛ አቆጣጠር ሞልቶት ኖሯል! መግቢያ ሁለት ሰዓት፣ መውጫ አሥራ አንድ ተኩል ተብሎ የተጻፈውም በእኛው ነበር። አዲሱ ግን ሰዓቱን ከኢንተርኔት ወስዶ በፈረንጅ ይቆጥራል። የእኛ አምስት ተኩል ለእሱ አሥራ አንድ ተኩል ነው፤ ስለዚህ ሥራ አብቅቷል ብሎ ሁላችንንም አስወጣን።

መላው ቀላል ነበር፤ ሰዓቱን ስድስት ሰዓት ወደኋላ መመለስ። የዋናው ማሽን ይለፍ ቃል ግን ያለው ሥራ አስኪያጁ ጋ ነው፤ ስልካቸውን ደግሞ አያነሱም። ወጣሁና ምግብ ቤት ለምግብ ቤት ሮጥኩ። ማካፋት ጀምሯል። ጥብሳቸው ላይ አጎንብሰው ያገኘኋቸው ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ተመልሼ ሰዓቱን ስቀይረው ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ከፈተልኝ። ማዘዣው ሲወጣ በኮምፒውተሩ ሰባት ከአርባ ይላል። ጊንጪ ደወልኩ።

«ደርሷል» አሉ ኦቦ ደቻሳ፤ ከኋላቸው ዝናቡ ይሰማል። «መኪናው ግን ጭኖ ሄዷል።»

በማግስቱ የመግቢያውን ሰዓት አስተካክዬ ኮምፒውተሩን ወደ ፈረንጅ ሰዓቱ መለስኩት። የሚያስጨንቀኝ ኦዲተሩ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ከአዲስ አበባ መጣና ኦቦ ደቻሳን አምቦ አስጠርቶ፣ ያን ቀን መጋዘኑን በስንት ሰዓት እንደከፈቱ ጠየቃቸው። ሰባት ሰዓት እንዳለፈ፣ ማካፋት ሲጀምር፣ አሉ ቀጥ ብለው። ትንሽ እንኳ ቢያድበሰብሱት ምን ነበረበት ብዬ አንጀቴ አረረ። ሰውዬው ማዘዣውን አየና ወደ እኔ ዞረ።

«ሰባት ከአርባ ይላል። የኮምፒውተሩ ሰዓት ነው አይደል?»

«አዎ፣ የኮምፒውተሩ ሰዓት ነው።»

እንደለመደው ከፈረንጁ ወደ እኛ መለሰው። «ከጠዋቱ አንድ ከአርባ ማለት ነው። በማለዳ ነዋ የምትገቡት!» አለ። ማዘዣው በሩ ከመከፈቱ በፊት የወጣ ነው ብሎ ጻፈና ፋይሉን ዘጋው። አልዋሸሁም፤ ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም። ኦቦ ደቻሳ ነገሩ የገባቸው ውጭ ወጥተን ስነግራቸው ነው። ግድግዳ ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

አሁን ጡረታ ወጥተው ጊንጪ ይኖራሉ። እሑድ ዕለት ቁጥራቸው አዲሱ ስልክ ላይ መኖሩን ለማየት ደወልኩላቸው። እንደ ልማዳቸው፣ «ኢንተላ ኮ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉኝ። «በማን አቆጣጠር ልንገርዎት?» አልኳቸው፤ ተሳሳቅን። ይህን የነገርኩት ሰው ሁሉ ሰዓቱ አዳናቸው ይለኛል። እውነት ነው፣ አድኗቸዋል። ነገር ግን ቁልፉን ሲያዞሩ ስለ ሰዓቱ የሚያውቁት አንዳች ነገር አልነበረም። የሚያውቁት እንጀራቸው እንደሚቀር ነበር፤ እያወቁ ከፈቱት።