የእማዬ የስፌት መኪና

የባሌ ታላቅ እህት ልብስ ሰፊ ናት። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ወንድሟን አስተማረች፣ እናቷን ጦረች። አግቢ ሲሏት «ይቺን እጅጌ ልጨርስና» ትል ነበር። እጅጌው አላለቀም፤ ዕድሜዋ አለቀ።

የድሮው ሲሰበርባት አዲሱን የስፌት መኪና የገዛችው ራሷ ናት። አብሬያት ሄጄ፣ ከተሸካሚው ኋላ ኋላ እየተከተልን ነው ወደ ቤት ያስገባነው። አማቴ ግን ነፍሳቸውን ይማረውና ኩራተኛ ነበሩ፤ ልጃቸው ትጦራቸዋለች መባል ሞታቸው ነው። በር ላይ ለተሰበሰበው ጎረቤት «ለልጄ ገዛሁላት!» አሉ። እትዬ ቀና ብላ አየቻቸውና «እግዜር ይስጥልኝ፣ እማዬ» አለች። ከዚያ ወዲህ መኪናው የእማዬ ስጦታ ሆኖ ቀረ።

አማቴ በሞቱ በዓመቱ ባሌ «የእማዬ ዕቃዎች ታሪክ ይቀዳ፤ ነገ ልጆቻችን ምን ያውቃሉ?» ብሎ ተነሳ። ሰው ፊት መታየት ነፍሱ ነው። ሞባይሉን እኔ ያዝኩ። እትዬ ደስታዋን አልቻለችውም፤ እማዬ ጃንጥላውን ከማን ተውሳ ለምን እንዳልመለሰችው ሳይቀር እየሳቀች አወራች። መኪናው ጋ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ «ይቺን እማዬ ናት የገዛችልኝ፤ ከአፏ ቀንሳ» አለች። ባሌ አለቀሰ።

ዕንባውን ጠርጎ ሳይጨርስ «እንግዲያው የቤተሰብ ቅርስ ነው። እኔ ሳሎን በክብር ይቀመጣል» አለ።

እትዬ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ሰዎች ጠርቶ ሊያስጭነው ሲል ግን ጮኸች።

«አንተ፣ ምን ሠርቼ ልብላ? እኔ እኮ ነኝ የገዛሁት!»

«እናታችንን መቃብር ውስጥ ውሸታም ልታደርጊያት ነው?» ብሎ ቀረጻውን ከፈተው። የገዛ ድምጿ ከሞባይሉ ወጣ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔ ምን አውቄ» አልኩ። ባሌ ነው፤ ከሱ ጋር ነው የማድረው። ዛሬም ሳስበው እርር ድብን እላለሁ፣ ግን ያልኩት ይኸንኑ ነው።

እትዬ አሁን ሰው ሱቅ ተቀጥራ በእጇ ቁልፍ ትተክላለች፤ በዚያ በፈዘዘ ዓይኗ። መኪናው እኛ ሳሎን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሟል። አቧራውን የምወለውለው እኔ ነኝ።

ባለፈው እሁድ ባሌ የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች ምሳ ጋበዘ። እሷንም ጠራት፤ ቀረጻው ጫጫታ አለበትና ታሪኩን በአፏ እንድትነግራቸው። ነገረቻቸው። ያንኑ፣ እማዬ ከአፏ ቀንሳ። እንግዶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷ እንዴት እንደሚሰፋ ስትጠይቃት፣ ልታሳያት እጇን ወደ መኪናው ዘረጋች።

«ኧረ እትዬ፣ አትንኪው!» አላት ባሌ። «የእማዬ እኮ ነው!»

እጇን ሰብስባ «ውይ፣ ይቅርታ» አለች።