የአባዬ ላሞች አፍሪዳር ቢሮ ገቡ

አባዬ ወደ እስራኤል፣ አሽቀሎን ከተማ የመጣው ሀብቱን አሰናድቶ ነው። እንደ ሌላው ሰው ከብቱን በርካሽ አልሸጠም። አምስቱን ላሞች ጎንደር ለቀረው ክርስቲያን ጎረቤታችን በርቢ ሰጣቸው። ጎረቤታችን ያረባቸዋል፣ ወተቱን ይጠጣል፣ የሚወለደውን ጥጃ እኩል ይካፈላሉ። ውል የለ፣ ፊርማ የለ። የነበሩት አንድ ሽማግሌ ምስክር፣ እሳቸውም እኛ አዲስ አበባ ተራ ስንጠብቅ አረፉ። «ብር ያልቃል፣ ላም ግን ትወልዳለች» ይል ነበር አባዬ።

ራማት ኤሽኮል የሚባል ሰፈር ቤት ተከራይተን ገባን። አባዬን ወገቡን ስለሚያመው ፋብሪካው አልቀጠረውም፤ የእናቴ የጽዳት ደሞዝ ደግሞ ከቤት ኪራይ አያልፍም። ስለዚህ የኪራይ ድጎማ ልንጠይቅ አፍሪዳር ሰፈር ወዳለው የመንግሥት ቢሮ ሄድን። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ትዕግሥት የሚሉት ነገር ደግሞ አልፈጠረብኝም።

ጸሐፊዋ «ሬኹሽ አለው?» አለችኝ።

«አባዬ፣ ንብረት አለህ ወይ ነው የምትለው። ንብረት ላለው ድጎማ አይሰጡም፤ የለኝም በላት።»

«አምስት ላሞች አሉኝ በያት» አለና ጋቢውን አስተካከለ። «እስካሁን ወልደው ስምንት ሳይሞሉ አይቀሩም።»

«ምንም የለውም» ብዬ ልተረጉም ስል አምስት ጣቱን ዘርግቶ «ፓራ! ፓራ!» አላት። በዕብራይስጥ ላም ማለት ነው። ከስድስት ወር ትምህርት የያዘው ቃል ይኼው ነበር።

ሴትዮዋ ሳቀች፤ ግን ጻፈችው። ወይ የላሞቹን ዋጋ የሚያሳይ ወረቀት ያምጣ፣ ወይ የለኝም ብሎ ይፈርም ብላ ለሁለት ሳምንት ቀጠረችን።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ስጨቀጭቀው ከረምኩ።

«ሞቱ በላት!»

«አንቺ ሟርተኛ! በአፍሽ ልትገድያቸው ነው?»

«እሺ፣ የለኝም በል።»

«ያለውን የለኝም ያለ ሰው፣ እግዜር ቃሉን ይሰማዋል።»

ተናድጄ አለቀስኩ። አከራዩ ለኪራይ በሩን እያንኳኳ፣ አባቴ ማዶ ላለ ላም ይጨነቃል!

ዓርብ ከሰዓት፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ሰበሰበንና ሀብቱን አወረሰን። ቀይዋን ላም ለእናቴ፣ ሦስቱን ለታናናሾቼ ሰጠ። ቦራዋ ለእኔ ደረሰችኝ። በልጅነቴ አጥር ላይ የሰጣሁትን አንድ ለእናቱ ቀሚሴን የበላችብኝ እሷ ናት። «ጥጃዎቹ እናታቸውን ይከተሉ» ብሎ መረቀን፤ አሜን አልን።

እናቴ «ስትታለብ የኔ ነበረች፣ ስትሸጥ የሱ። ዛሬ ሙሉዋን አገኘኋት» አለች።

«በቃ፣ አሁን ንጹሕ ድኻ ነኝ» አለ አባዬ ደስ ብሎት።

በቀጠሯችን ቀን ሁለት እጁን ዘርግቶ «ኤን» አላት፤ የለም ማለቱ ነው። ፈረመ። እፎይ አልኩ።

ጸሐፊዋ ወረቀቱን ገለበጠች። «አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው የቤተሰብ አባልም ይጠየቃል። አንቺስ፣ ሬኹሽ አለሽ?»

የምትፈለገው አንዲት ቃል ናት። አባቴን ሁለት ሳምንት የጨቀጨቅኩባት ያችው ቃል። ቀና ብዬ ሳየው መሬት መሬቱን ያያል። ምን ብላ እንደጠየቀችኝ ገብቶታል። እኔ ላይ ደግሞ ቦራዋ ድቅን አለችብኝ፤ ቀሚሴን ታኝካለች። ኤን ብል እዚያው ገደል የምትገባ መሰለኝ። እኔ በሟርት የማላምነው! ድጎማው በዓይኔ ላይ ሲሄድ እያየሁት አፌ አልታዘዝ አለኝ።

«አንዲት ፓራ አለችኝ» አልኳት።

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አባዬ ቀና አለ፤ ወንበሩን ወደ እኔ ጠጋ አድርጎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«ጥጃዋንም ንገሪያት እንጂ» አለኝ።