እናቴ ያልሰማችው ጥያቄ

እናቴ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ አቃቂ ውስጥ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ትሠራ ነበር። የሽመና ማሽኖቹ ጩኸት ጆሮዋን ቀስ በቀስ ወስዶባታል፤ እሷ ግን ይህን ለማንም አትናገርም። ሰው ሲያናግራት ፈገግ ብላ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። ብዙ ጊዜ መልሱ ከጥያቄው ጋር ይገጥማል።

አንድ እሑድ ጠዋት ኮዬ ፈጬ፣ እኔ ቤት መጣች። የምኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልቀበላት ስወርድ ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ግንባሯ በላብ ርሷል።

«ጨጓራዬ ነው። ባዶ ሆዴን ወጥቼ ነው» አለችኝ።

ጨጓራዋን አውቀዋለሁ፤ ሲነሳባት ትነጫነጫለች እንጂ አያልባትም። የያዘችውን ፌስታል ተቀብያት ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ይዣት ወረድኩ። ጎረቤቴ ሆስፒታል ሊያደርሰን በመኪናው አሳፈረን። ቃሊቲ ስንደርስ መንገዱ በከባድ መኪና ተዘግቶ ስለነበር አስፋልቱን ትቶ በጠጠሩ ጥግ ጥጉን ነዳው። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች።

ድንገተኛ ክፍል እንደገባን ተሽከርካሪ ወንበር ላይ አስቀመጥኳትና ካርድ ለማውጣት ሄድኩ። ስመለስ ነጠላዋ ላይ አረንጓዴ ወረቀት ተለጥፎባታል። እጁን በጨርቅ የጠቀለለ ሰውዬ አጠገቧ ተቀምጧል።

«አረንጓዴ ከሆነ አያሰጋም ማለት ነው፤ ቆይተው ነው የሚጠሯችሁ» አለኝ።

እናቴን ትከሻዋን ነካ አድርጌ፣ ጆሮዋ ላይ ተጠግቼ «ወረቀቱን የለጠፈችብሽ ነርስ ምን ብላ ጠየቀችሽ?» አልኳት።

«ሰላምታ ሰጠችኝ። ደህና ነኝ አልኳት።»

ነርሷ ለሌላ በሽተኛ ግሉኮስ እየሰካች ነበር።

«ሲስተር፣ እናቴ ጆሮዋ አይሰማም። የጠየቅሻትን አልሰማችም» አልኳት።

«ደረትዎን ያምዎታል ወይ ስላቸው ደህና ነኝ አሉኝ እኮ።»

«ለሁሉም እንደዚያ ነው የምትለው።»

ፕላስተሩን ለጥፋ ጨረሰችና ተከተለችኝ። «እስቲ አንቺ ጠይቂልኝ» አለችኝ።

እናቴ ፊት ለፊት ተንበረከክሁ። ፋብሪካ ውስጥ ሴቶቹ የሚነጋገሩት ድምፅ ሳያወጡ፣ በከንፈርና በእጅ ነበር። እቤትም ልጆች ሆነን እንደዚያ ታወራን ነበር። ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ «የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?» አልኳት።

ዙሪያዋን ቃኘች። ከዚያ እሷም ያለ ድምፅ መለሰችልኝ። ጡጫዋን ጨብጣ ደረቷ መሀል አስቀመጠች፤ መንጋጋዋን ነካች፤ ግራ ክንዷን እስከ ክርኗ ዳሰሰች። ከንጋት ጀምሮ ነው አለችኝ።

መተርጎም አላስፈለገኝም። ነርሷ አረንጓዴውን ወረቀት አንስታ ቀይ ለጠፈችና ወንበሩን ራሷ እየገፋች ወደ ውስጥ አስገባቻት። ደረቷ ላይ ገመዶች ለጣጠፉባት፤ ከማሽኑ የወጣውን ወረቀት ሐኪሙ ቆሞ አየው።

«የልባቸው የደም ሥር ተዘግቷል። አሁኑኑ መድኃኒት እንሰጣቸዋለን፤ ከዚያ ሥሩ ወደሚከፈትበት ሆስፒታል በአምቡላንስ ይሄዳሉ» አለኝ።

የሚታኘክ ክኒን ሰጧት። ለቅሶ አልመጣልኝም። ጫማዎቿን አውልቀው ሰጥተውኝ ስለነበር እነሱን ይዤ ቆምኩ።

የደም ሥሩ በዚያው ቀን ተከፈተላት። ሲያገግሙ ብዙዎች ያለቅሳሉ ብለውኝ ነበር፤ እሷ ግን ተቆጣች።

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ደንቆሮ ናት አልሽ» አለችኝ።

«ጆሮዋ አይሰማም ነው ያልኩት።»

«አንድ ነው።»

ከሆስፒታል እስክትወጣ ድረስ ያመጣሁላትን አጥሚት እየጠጣች አኮረፈችኝ። ለክትትል ስንሄድ ግን ወንበሬን አዙሬ ፊት ለፊቷ እንድቀመጥ ትፈቅድልኛለች። ሐኪሙ ይጠይቃል፤ እኔ በከንፈሬ አቀብላታለሁ፤ እሷ ኮሪደሩ እስኪሰማ ድረስ ጮክ ብላ ትመልሳለች።