የምኔት ድንጋዮች

ልጅ ሳለሁ፣ ከብቶቹ ወደ በረት በሚገቡበት ሰዓት፣ እናቴ ትንሽ ገንቦ ውኃ አሸክማ ወደ እማሆይ ወለተ ሐና ትልከኝ ነበር። እማሆይ የአባቴ አክስት ናቸው። ባላቸው ሲሞትባቸው መንኩሰው፣ ከደባርቅ ወረድ ብሎ ካለው መንደራችን ዳር፣ እኛ ምኔት ከምንለው ፍርስራሽ አጠገብ አንዲት ጎጆ ቀልሰው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ገንቦውን ካወረድኩ በኋላ ቶሎ ተመለሺ የሚለኝ ስለሌለ እዚያው እቆይ ነበር። ያኔ የኩበቱ ጭስ ጎጆዋን ሞልቶ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ፣ ኩራዙም ነፋስ በገባ ቁጥር ሲንቀጠቀጥ፣ እማሆይ እጃቸውን በፍሙ ላይ ዘርግተው፣ እንደ ደከመው ሰው ቀስ እያሉ፣ ስለ ምኔት ያወሩኝ ነበር።

ምኔት ድሮ፣ በነገሥታቱ ዘመን፣ ጥቂት መነኮሳት የኖሩበት ትንሽ ገዳም ነበር። ሌላ ስም እንደነበረው ይነገራል፤ የሚያስታውሰው ግን አልነበረም። እኔ በደረስኩበት ጊዜ የቀረው ብዙ አይደለም። የቤተ መቅደሱ የምሥራቅ ግድግዳ ከነጠባብ መስኮቱ ቆሟል። መነኮሳቱ አብረው ይበሉበት የነበረው የማኅበር ቤት ጣሪያው ከወደቀ ዘመን ሆኖታል፤ ቅጥሩ ግን እስከ ሰው ደረት ይደርስ ነበር፤ የበሩ ደፍም በእግር ብዛት መካከሉ ጎድጉዷል። ከዚያ ወዲያ ሣር የበቀለባቸው፣ መነኮሳቱ ለየብቻ ያድሩባቸው የነበሩ የበአት ክምሮች፣ ከምንጩ ጀምሮ በዓለቱ ላይ ተፈልፍሎ የመጣና ውኃው የተቋረጠ ቦይ፣ ጥቂት አሮጌ የወይራ ዛፎች። ታቦቱን ወደ ደብራችን ከወሰዱት ቆይቷል።

«መጀመሪያ የመጡት አባት ከጣና በኩል ካለ ትልቅ ገዳም የተላኩ ናቸው» ይሉኝ ነበር እማሆይ። «ንጉሡ መሬቱን ሰጥቷቸው፣ ወንድሞቻቸውን አስከትለው መጡ። ትልቅ ገዳም ይሆናል ተብሎ ነበር የታሰበው። አልሆነም።»

«አልሆነም» ካሉ በኋላ ፍሙን ይቆሰቁሱ ነበር። እኔ ደግሞ የሚቀጥለውን እየጠበቅሁ፣ በደበሎው ላይ እግሬን አጥፌ፣ እፊታቸው ላይ የሚወጣውን የሚወርደውን ብርሃን አይ ነበር።

የሰሜን ብርድ ያልለመዱት መነኮሳት የመጀመሪያውን ገብስ ዘርተው ውርጭ በላባቸው። ሁለተኛውንም በላባቸው። ቦዩን መፈልፈል የጀመሩት ውኃውን ሳይጠጡ ሞቱ፤ የጠጡት ከእነሱ በኋላ የመጡት ናቸው። ከዚያ ደግሞ ጦር መጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን አቃጠለው።

«የማን ጦር ነው፣ እማሆይ?»

«የማን እንደሆነ ምን ያደርግልሻል? ያም ይኸም የሚያነደው በእሳት ነው።»

የተረፉት ከገደሉ ሥር ወጥተው ሲመለሱ፣ በተቃጠለው ሰፊ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ከድሮው ቅጥር ገባ አድርገው ሌላ ትንሽ ሠሩ። የቀድሞውን ያህል ለመሥራት እጅም ጉልበትም አልነበራቸውም። «እያነሰ ነው የኖረ፣ ልጄ» አሉኝ አንድ ቀን፤ «ኖረ ግን።»

በጎረቤት ቤት አንድ ጻድቅ በአንበሳ ላይ ጋለበ፣ በትሩን ቢተክላት አበበች የሚል ነገር ስለሰማሁ፣ እነዚህስ ምን ተአምር ሠሩ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምን ተአምር አለ? ማልደው ይነሳሉ፣ ይጸልያሉ፣ ይቆፍራሉ፣ ይደክማቸዋል፣ ይተኛሉ።»

እውነቱን ለመናገር ያኔ ቅር አለኝ።

ይበልጥ ያወሩኝ ስለ መጨረሻው መነኩሴ ስለ አባ ወልደ ሰንበት ነበር። አባ ወልደ ሰንበት የእማሆይ አጎት ናቸው። ወንድሞቻቸው አንዱ በንዳድ፣ አንዱ በእርጅና ካለቁ በኋላ ምኔት ላይ ብቻቸውን ቀሩ። እማሆይ ያኔ እኔን የምታክል ልጅ ሆነው የገብስ ዳቦ ይወስዱላቸው ነበር። የሰርክ ጸሎት ደርሶ ከሆነ ደግሞ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ማኅሌት በቀኝና በግራ ተሰልፈው እየተቀባበሉ የሚቆሙት ነገር ነው፤ አንዱ ወገን ሲያነሳ ሌላው ይመልሳል። አባ ወልደ ሰንበት በቀኝ ቆመው ያነሱና፣ መቋሚያቸውን እየተደገፉ ወደ ግራ ተሻግረው ለራሳቸው ይመልሳሉ። እንደገና ወደ ቀኝ ይሻገራሉ። በሕይወታቸው መጨረሻ እግራቸው አብጦ ስለነበር መሻገሩ ከዜማው ይረዝም ነበር።

«ለምን ባንዱ በኩል ሆነው ብቻ አይሉትም አልኳቸው» አሉኝ እማሆይ። «'የወንድሞቼ ድርሻ ማን ላይ ይውደቅ?' አሉኝ። እሳቸው ካረፉ ወዲህ እዚያ ቤት የሚያነሳም የሚመልስም ድምፅ አልተሰማም።»

ይህን ሲነግሩኝ እንባ አልነበራቸውም። የደከመ ፊት ብቻ ነበር።

አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነኝ መንደራችን ትምህርት ቤት እንዲሠራ ተመከረ። የምንማረው በዳስ ውስጥ ነበር። መምህራችን ከዳባት የመጣ ቀጭን ወጣት ሲሆን፣ ጋሼ አዲሱ እንለው ነበር። ከክረምቱ በፊት ግድግዳ ካልቆመ መምህሩ ወደ ሌላ ቀበሌ እንደሚዛወር ተነገረን። ድንጋይ ከገደሉ ጠርቦ ማውጣት ዘመን ይፈጃል። በዛፍ ጥላ ሥር በተሰበሰቡት ሽማግሌዎች መካከል አንዱ፣ የተጠረበ ድንጋይማ ምኔት ላይ ተቆልሎ ሣር በቅሎበት የለም ወይ አለ። ሁሉም ተስማማ። ግንበኛው አባቴ እንየው ስለነበር ሥራው በሱ ላይ ወደቀ።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ድጅኖና መዶሻውን ይዞ፣ ወንዶቹን አስከትሎ ወጣ። እኔም ከኋላ ከኋላ ሄድኩ። እማሆይ ነጠላቸውን አጣፍተው በማኅበር ቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«እንዴት አደሩ፣ እማሆይ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። መዶሻህን ይዘህ ነው የመጣህ፣ እንየው?»

«ይዤ ነው።»

«እንግዲያ ቀድመህ የምታነሳ እኔን ነው።»

አባቴ ያሳደጉትን ሴት ማንሳት አልቻለም። እናቱ በወሊድ ስለሞተችበት በጨቅላነቱ የተቀበሉት እሳቸው ነበሩ። ሰዎቹን አሰናብቶ፣ መዶሻውን ሣሩ ላይ ጥሎ፣ አጠገባቸው ተቀመጠ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተቀምጠው ዋሉ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። መንደሩ ማጉረምረም ጀመረ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ቤታችን መጥቶ፣ «ሙታንን እናኑር ወይስ ልጆቻችንን?» ብሎ ጮኸ። አባቴ፣ «እሳቸውንስ የት ላስቀምጣቸው?» አለ። ያን ሰሞን አባቴ በአንድ ጊዜ ሲያረጅ አየሁት።

በዚያው ሳምንት፣ ከቀትር በኋላ፣ ከራስ ደጀን በኩል የመጣ ደመና በረዶ አወረደብን። ዳሱ እንደ እርጥብ ገለባ ተዝረከረከ። ጋሼ አዲሱ ትንንሾቹን በብብቱ ይዞ «ሩጡ!» አለን፤ ለመሮጥ የቀረበን ቤት የእማሆይ ጎጆ ነበር። ተጠቅጥቀን ገባን። እማሆይ ኩበት ጨመሩ፣ ቡሉኳቸውን አውርደው ጥርሱ የሚንገጫገጨውን ሁሉ እየሳቡ አለበሱ። የእርጥብ ልብስ እንፋሎት ከጭሱ ጋር ተቀላቅሎ መተያየት አቃተን። ውጭ በረዶው ሣሩን ሲቀጠቅጥ ትንንሾቹ ማልቀስ ጀመሩ።

ጋሼ አዲሱ ልቅሶውን ለማቆም ይመስለኛል፣ በጨለማው ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«ሀ!» አለ።

«ሀ!» አልን።

«ሁ!»

«ሁ!»

እንዲህ እያለ እያነሳ፣ እኛም እየመለስን፣ ልቅሶው ጠፍቶ ጩኸታችን ከበረዶው በለጠ። እማሆይን ዞር ብዬ ሳይ፣ የኩበት ቁራሽ በእጃቸው እንደያዙ እሳቱ ውስጥ ሳይከቱት ቀርተዋል። አንገታቸውን ወደ ምኔት በኩል አዘንብለው ያዳምጣሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ፊደሉን ይከተሉ፣ ይጸልዩ፣ ዛሬም ድረስ አላውቅም።

በረዶው ሲያባራ አባቴ እኔን ፍለጋ በጭቃ ተለውሶ ደረሰ። እማሆይ በሩ ላይ ተቀበሉት።

«እንየው።»

«አቤት፣ እማሆይ።»

«የሚመልስ አለ እኮ» አሉት። «እኔ የለም ብዬ ነበር የተቀመጥሁ።»

አባቴ የተናገሩት አልገባውም። እሳቸውም አላስረዱትም። «ነገ መዶሻህን ይዘህ ና። የምሥራቁን ግድግዳ አትንካ፤ ታቦት ያረፈበት ነው፤ እኔንም ከሥሩ ትቀብረኛለህ። ሌላውን ውሰድ። ደፉን ግን እንዳትሰብረው፤ ለልጆቹ በራቸው ላይ አድርገው።»

በማግስቱ ደፉ ላይ አልተቀመጡም። ፍርስራሹ መካከል ቆመው፣ በመቋሚያቸው እየጠቆሙ የትኛው ድንጋይ ቀድሞ እንደሚነሳ አሳዩ። ወንዶቹ እየተሸከሙ ሲያልፉ እያንዳንዱን ድንጋይ በመዳፋቸው ዳበስ ያደርጉ ነበር። ትምህርት ቤቱ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ቆመ፤ ጋሼ አዲሱም ቀረልን። እማሆይ ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት ኖረው አረፉ፤ አባቴ እንዳዘዙት ከምሥራቁ ግድግዳ ሥር ቀበራቸው።

እኔም ያንን ደፍ እየረገጥኩ ተምሬ፣ መምህርት ሆኜ ኮሶዬና ዳባት ካስተማርኩ በኋላ ወደ መንደሬ ተመለስኩ። ክፉው ጊዜ ያገኘኝ እዚሁ ነው። ጦርነቱ በመንገዳችን ሲመላለስ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ዴስኩ ለማገዶ ተፈለጠ፣ ቆርቆሮው ተገነጠለ፣ መምህራኑ ተበተኑ። ተከፈተ ሲባል ይዘጋል፤ ተዘጋ ሲባል ይከፈታል። እንግዲህ አልችልም ብዬ ሻንጣዬን ያሰርኩበት ቀን ነበር። ያልሄድኩት በጀግንነት አይደለም፤ የምሄድበትም ቦታ እንደዚሁ እንደሆነ ስለማውቅ ነው።

እማሆይ ከነገሩኝ ብዙው ጠፍቶብኛል። የመጀመሪያውን አባት ስም ነግረውኝ ነበር፤ ረስቼዋለሁ። የነገሥታቱንም ቅደም ተከተል አላውቀውም። ያልጠፋኝ፣ በትረካቸው ውስጥ አንድም ብርቱ ሰው አለመኖሩ ነው። ያኔ ቅር ያሰኘኝ ነገር ዛሬ ያሳርፈኛል። ደክሟቸው ሳለ ያን ሁሉ ዘመን ከቆዩ፣ ድካም ለመተው በቂ ምክንያት አይደለም ማለት ነው፤ ወይም በቂ ምክንያት ነው፣ እነሱ ግን አልተጠቀሙበትም።

ባለፈው መስከረም ትምህርት ቤቱ እንደገና ይከፈት ተባለና ከጥቂት እናቶች ጋር የፍየል በጠጡን ጠረግን፤ በተገነጠለው ጣሪያ ላይ ሸራ ወጠርን። በመጀመሪያው ቀን የመጡት ልጆች አንድ ክፍል አይሞሉም። አንዲት ወጣት እናት ልጇን በእጇ አጥብቃ ይዛ፣ ሳትገባም ሳትሄድም በሩ አጠገብ ቆመች።

«እትዬ፣ ዘንድሮስ አይዘጋም?» አለችኝ።

አይዘጋም ልላት አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

«እሱን አላውቅም፣ እህቴ። ዛሬ ግን አስተምረዋለሁ።»

እናትየዋ ትንሽ አሰበች፤ ከዚያ የልጁን እጅ ለቀቀችልኝ።