ፋቲሃ የተቀራለት ወንድሜ

ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ያለው አሮጌ መስጊድ ታሪኩ የተጻፈበት ቦታ የለም። ታሪኩ የሚገኘው በግቢው ያለውን መቃብር ከሚጠብቁት ከሸኹ አፍ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ሰው ለዚያራ መቃብሩን ሊሳለም ሲሰበሰብ፣ ከሐረር በኩል በእግሩ መጥቶ መስጊዱን ከሠራው ቅዱስ ሰው፣ ከመጀመሪያው ወሊይ፣ ይጀምሩና የተካውን፣ መስጊዱ ሲቃጠል አልወጣም ብሎ ውስጡ የቀረውን፣ መልሶ ያቆመውን እያሉ ይወርዳሉ። ቀጥለው የመንደሩን ሙታን ይጠሩና ለሁሉም ከቁርኣን ፋቲሃ ይቀራል። ለሕያዋን ዱዓ የሚደረገው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ አልወደውም ነበር። ሙታኑ ሲጠሩ ከመቃብሩ በኩል አቤት የሚል ያለ ይመስለኝና ሰውነቴን ውርር ያደርገዋል።

በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት ታላቅ ወንድሜ መርካቶ ሱቅ ተቀጥሮ ነበር። ለአረፋ አገሩ የማይገባ የለም፤ እሱ ግን መምጣቱን ተወ፣ ወሬውም ጠፋ። እናታችን ሐሙስ በመጣ ቁጥር በሕያዋን ዱዓ ስሙ ሲጠራ ከሰው ሁሉ ጮክ ብላ «አሚን!» ትላለች። ከዚያች አሚን ሌላ የያዘችው ነገር አልነበራትም።

አንድ ሐሙስ ሸኹ ከሙታኑ መካከል አባቴን ጠሩና ምላሳቸው አዳልጧቸው ወንድሜን አስከተሉ። ፋቲሃውም ተቀራ።

እናቴ ብድግ አለች። «ሸኽዬ፣ ልጄ በሕይወት አለ!»

«አውፍ በይኝ፣ እርጅና ነው» አሉ ደንግጠው። በዱዓውም ጠሩት። እሷ ግን አሚን አላለችም።

«ወሊዮቹ ሰምተዋል» አለችኝ ስንመለስ። «አሁን ማን ይመልሰዋል?»

ለአረፋ ወንድሜ መጣ። ጅማ በኩል ቡና ለቀማ ሄዶ ወባ ጥሎት ከርሟል። እኔ አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። እናቴ ክትፎ አቀረበችለት፤ ዓይኑን ግን አላየችም።

ንድድ አለኝ። «እማ፣ ልጅሽ እኮ ነው! ንኪው እንጂ!»

«ልጄ ከሙታኑ ጋር ነው፤ ይሄ እንግዳ ነው» አለች ቀስ ብላ። «በደንብ አስተናግጂው።»

ሐሙስ ሦስታችንም ሄድን። ሸኹ አባቴን ጠርተው ሲያበቁ ወደ ሕያዋኑ ዱዓ ሊያልፉ ሆነ።

«የልጄንስ?» አለች እናቴ። «ይቀራለት እንጂ።»

ሸኹ ጨነቃቸው። ሰው ሁሉ ወንድሜን ያያል። እሱ መዳፎቹን ዘርግቶ ለራሱ ፋቲሃ ቀራ። «አሚን» አለች እናቴ፣ እንደ ድሮው ጮክ ብላ።

ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ የእንግዳዋን ፊት አየች።

«አንተስ» አለችው፣ «እናት አለችህ?»

«አለችኝ» አላት።